ኮሎሲየምን አያችሁ፣ ዙሪያውንስ?

ሮም ደርሶ ከተመለሰ ሐበሻ ስልክ ውስጥ አንድ ፎቶ አይጠፋም፤ ከኋላ ኮሎሲየም፣ ከፊት ፈገግታ። የእኔም ስልክ ውስጥ አለ፣ አልዋሽም። ለአጭር ሥልጠና ሄጄ አንድ ትርፍ ቀን ስላገኘሁ ግማሹን ለኮሎሲየም ውስጥ፣ ግማሹን ለዙሪያው ሰጠሁት። ዛሬ የምጽፍላችሁ በብዛት ስለ ሁለተኛው ግማሽ ነው። ስለ ውስጡ ፊልሙም መጽሐፉም ሞልቷል። ዙሪያው ላይ ግን የእኛ ታሪክ ተበትኖ ይገኛል፤ እኛም አጠገቡ ፎቶ ተነስተን እናልፋለን።

አብረውኝ የዞሩት ሮም ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የኖሩ አንድ አባት ናቸው። ስማቸውን መጻፍ ስላልፈለኩ ጋሼ ብቻ እላቸዋለሁ። ከቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት ሰፈር ቁርስ በልተን ተነሳን።

"ጋሼ፣ ኮሎሲየም ስንት ጊዜ ገብተዋል?" አልኳቸው።

"አንድም ቀን አልገባሁም ልጄ። ከውጭ ሳየው አርባ ዓመት ሆነኝ፣ በቃኝ።"

ታሪኩ እዚያው ጣቢያው በር ላይ ይጀምራል። ከቴርሚኒ ስትወጡ የሚቀበላችሁ ሰፊ አደባባይ ስሙ "ፒያሳ ዴይ ቺንኩዌቼንቶ" ነው፤ የአምስት መቶዎቹ አደባባይ። አምስት መቶዎቹ እነማን ናቸው? እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ያለቁት የጣሊያን ወታደሮች ናቸው። ከዓለም ዙሪያ የሚመጣው ቱሪስት ሻንጣውን እየጎተተ በየቀኑ የሚያቋርጠው አደባባይ በራስ አሉላ ድል የተሰየመ ነው ማለት ይቻላል፤ ከተሸናፊው ወገን ሆኖ እንጂ። ከአደባባዩ ትንሽ ራቅ ብሎ የሟቾቹ መታሰቢያ ቆሟል፤ ሐውልቱ ራሱ ከግብፅ የመጣ የፈርዖን ዘመን ድንጋይ ነው። ፋሺስቶች አዲስ አበባን ከያዙ በኋላ ከለገሃር ነቅለው የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ያስቀመጡት እዚያ ሥር ነበር። አንበሳው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ወደ ቤቱ ተመልሷል። ይህን ያዙልኝ፤ ዘርፎ የማሳየት ነገር ቀኑን ሙሉ ይከተለናል።

ከዚያ በካቩር ጎዳና ቁልቁል ወረድን። ሃያ ደቂቃ ያህል ነው።

ኮሎሲየም ፊት ለፊት ስትቆሙ መጀመሪያ የሚገርማችሁ መጠኑ ነው። ርዝመቱ 189 ሜትር፣ ወርዱ 156 ሜትር፣ ከፍታው 48 ሜትር አካባቢ ነው። ቀጥሎ የሚታያችሁ ግድግዳው በጥይት የተደበደበ መምሰሉ ነው። ጥይት አይደለም። ድንጋዮቹ እርስ በርስ የተያያዙት በብረት ነበር። በመካከለኛው ዘመን ብረት ውድ ነበርና ሰዉ ግድግዳውን እየፈለፈለ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1349 የመሬት መንቀጥቀጥ የደቡቡን ወገን ሲደረምሰው ደግሞ የወደቀው ድንጋይ ለቤተ መንግሥትና ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ሆነ። ዛሬ ግማሹ የጎደለ የሚመስለው ለዚህ ነው።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ይህን የሚያህል ነገር በማን ገንዘብ ተሠራ?

ቦታው ቀድሞ የኔሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ64 ሮም ስትቃጠል ኔሮ የከተማዋን እምብርት ወስዶ ትልቅ ቤተ መንግሥት ሠራበት፤ አሁን ኮሎሲየም ያለበት ረባዳ ቦታ የግቢው ሰው ሠራሽ ሐይቅ ሆነ። ኔሮ ሞቶ፣ አገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሶ፣ ቬስፓሲያን የሚባል የጦር አዛዥ ሥልጣን ያዘ። ሐይቁን አደረቀና የሕዝብ መዝናኛ ጀመረበት። ያለፈው ንጉሥ ለራሱ የወሰደውን እኔ ለሕዝብ መለስኩ ማለቱ ነው። አዲስ መንግሥት ሁሉ የሚወደው ዓይነት ፕሮጀክት፤ በዚህ በኩል ሁለት ሺህ ዓመት ብዙም ለውጥ አላመጣም።

ገንዘቡ የመጣው ከኢየሩሳሌም ነው። እ.ኤ.አ. በ70 የቬስፓሲያን ልጅ ቲቶ ከተማዋን ከቦ ያዘ፣ ቤተ መቅደሱ ተቃጠለ፣ ሀብቱ ወደ ሮም ተጋዘ፣ ሕዝቡ በባርነት ተሸጠ። ከኮሎሲየም ወደ ጥንቱ የሮማውያን ፎረም ስትወጡ የምታገኙት የቲቶ ቅስት ውስጡ ላይ ይህ ሁሉ ተቀርጿል፤ ወታደሮች ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን የወርቅ መቅረዝ፣ ገበታውንና መለከቶቹን ተሸክመው በድል ሲገቡ። በነገራችን ላይ ከተቀረጹት ንዋየ ቅድሳት መካከል ታቦተ ጽዮን የለችም። ጋሼ ይህን ስነግራቸው ፈገግ ብለው፣ "እነሱ ዘንድ ምን ልትሠራ?" አሉኝ።

ስለ ገንዘቡ የምለው ግምት እንዳይመስላችሁ። ኮሎሲየም ውስጥ አንድ የእብነ በረድ ድንጋይ አለ። ላዩ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ በ5ኛው መቶ ዘመን ስለተደረገ እድሳት ያወራል። ከጽሑፉ መሐል ግን ከእሱ ጋር የማይገናኙ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1995 ጌዛ አልፎልዲ የተባለ የታሪክ ምሁር ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ አጠናቸው። ቀድሞ በድንጋዩ ላይ የነሐስ ፊደላት ተተክለው ነበር፤ ፊደላቱ ተነቅለው ቢጠፉም የተተከሉበት ቀዳዳ ቀርቷል። ከቀዳዳዎቹ አቀማመጥ ተነስቶ የጠፋውን ጽሑፍ መልሶ አነበበው፤ ንጉሠ ነገሥቱ አዲሱን አምፊቲያትር ከጦር ምርኮ በተገኘ ገንዘብ እንዲሠራ አዘዘ የሚል ነው። እንግዲህ ሠሪዎቹ አላፈሩበትም። በር ላይ በነሐስ ጽፈው የሚኮሩበት ነገር ነበር።

ስለ ውስጡ ባጭሩ ልበል። ቲቶ እ.ኤ.አ. በ80 ሲያስመርቀው የ100 ቀን ጨዋታ ተደረገ። በዚያ ድግስ 9,000 አውሬና እንስሳ እንደታረደ ካሲየስ ዲዮ የተባለው የጥንት ታሪክ ጸሐፊ መዝግቧል። 80 የምድር ቤት ቅስቶች ነበሩት፤ 76ቱ እንደ ስታዲየም በር ቁጥር ተሰጥቷቸው ነበር። ዛሬም በቆመው በኩል ከ23 እስከ 54 ያሉትን ቁጥሮች አንገት ቀና አድርጎ ማንበብ ይቻላል። አቀማመጡ በማዕረግ ነው። ሹማምንቱ ከታች ሜዳው አጠገብ፣ ድሀውና ሴቱ ላይ ጣሪያው ሥር። ከሜዳው በታች አውሬና ሰው በገመድና በእንጨት ማንሻ ወደ ላይ የሚወጣበት ጨለማ መተላለፊያ አለ።

አውሬው ብዙው ከአፍሪካ ነበር። ፓውሳንያስ የተባለው የ2ኛው መቶ ዘመን ግሪካዊ ጸሐፊ ሮም ያያቸውን አውራሪሶች "የኢትዮጵያ በሬዎች" ይላቸዋል። ያኔ ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ምድር በጠቅላላ ስለሆነ በቀጥታ ከእኛ ሄደ ማለት አይደለም። ኮሎሲየም በተሠራበት በዚያው በ1ኛው መቶ ዘመን ግን የዝሆን ጥርስና የአውራሪስ ቀንድ በአዱሊስ ወደብ በኩል ወደ ሮማውያን ገበያ ይወጣ እንደነበር የዘመኑ የባሕር ንግድ መመሪያ ይመሰክራል። አክሱም ያኔ ለሮም የንግድ ደንበኛ ነበረች። ተገዢ ሆና አታውቅም።

አንድ ነገር ደግሞ አማኝ አንባቢዎቼ እንዳይቀየሙኝ። በኔሮ ዘመን የተገደሉት ክርስቲያኖች ኮሎሲየም ውስጥ አልተገደሉም፤ ኮሎሲየም ገና አልተሠራምና። ከዚያ በኋላ ስለሆነውም ቦታውን በስም የሚጠራ የዘመኑ ማስረጃ የለም። እንደ ቅዱስ አግናጥዮስ ያሉ ሰማዕታት ሮም ውስጥ ለአውሬ መሰጠታቸውን ትውፊታችን ይናገራል፤ ያንን የሚነካ ነገር አልተናገርኩም። ቦታው የሰማዕታት ቅዱስ ስፍራ ተብሎ በይፋ የተከበረው በ18ኛው መቶ ዘመን፣ በርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቤነዲክቶስ 14ኛ ነው። ያ አዋጅ ባይኖር ኖሮ ድንጋዩ ተለቅሞ ባለቀ ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔም ይመስለኛል።

አሁን ወደ ውጭ እንውጣ።

ከኮሎሲየም ፊት ተነስቶ ወደ ቬኔዚያ አደባባይ እንደ ቀስት የሚወረወረው ሰፊ መንገድ ብዙ ሰው ጥንታዊ ይመስለዋል። ሙሶሊኒ ያስገነባው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1932 ተመረቀ። ሰፈር ፈርሶ፣ ነዋሪ ተፈናቅሎ፣ ቬሊያ የተባለች ኮረብታ ሳትቀር ተቆርጣ ወጣች። ስሙ ያኔ "የኢምፓየር ጎዳና" ነበር። ሙሶሊኒ ቢሮው ቬኔዚያ አደባባይ ላይ ስለነበረ ኮሎሲየምን ከፊቱ ማየት ይፈልጋል፤ ጦሩም በመሐል ሰልፍ እንዲወጣበት።

በዚህ መንገድ ከኮሎሲየም ትንሽ ራቅ ስትሉ በግራ በኩል ከፍ ያለ የጡብ ግድግዳ ላይ አራት ትልልቅ የእብነ በረድ ካርታዎች ታያላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1934 የተሰቀሉ ናቸው። በመጀመሪያው ሮም አንዲት ነጭ ነጥብ ናት። በሁለተኛው ነጩ ሰፋ ይላል። በአራተኛው፣ በንጉሠ ነገሥት ትራያን ዘመን፣ ሜዲትራንያንን ዙሪያውን ይዞታል። ቱሪስቱ ፎቶ እያነሳ ያልፋል።

አምስተኛ ካርታ ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1936 ተጨመረ። በእሱ ላይ ነጩ ቀለም ሊቢያን፣ ኤርትራን፣ ሶማሊያን ይዞ የኢትዮጵያን መሬትም ጠቅልሎ ነበር። የጥንት ሮማውያን አክሱምን ገዝተው አያውቁም፤ ሙሶሊኒ ግን ትራያን ያልደረሰበትን እኔ ደረስኩበት ማለቱ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ይህ አምስተኛው ተነሳ። አራቱ ቀሩ። የፋሺስት ሥራነቱ አራቱም ላይ ያው ሆኖ ሳለ የሚያሳፍረው አንዱ ብቻ ተነቅሎ ተረሳ። እኔ ብሆን አልነቅለውም ነበር። አጠገቡ ሰሌዳ አቁሜ ምን እንደነበረ እጽፍበት ነበር። አሁን በግድግዳው ሥር የሚያልፍ ተማሪ ካርታው ትራያን ላይ የቆመ ይመስለዋል።

በዚሁ መንገድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1937 የኢምፓየሩ አንደኛ ዓመት ሲከበር ታላቅ ሰልፍ ተደረገ። ከቅኝ ግዛቶቹ የመጡ ወታደሮች፣ የእኛው መልክ ያላቸው አስካሪዎች ጭምር፣ በዚህ አለፉ። የካቲት 12 አዲስ አበባ ላይ ሕዝብ ካለቀ ሦስት ወር አልሞላም። ሰልፉ በተደረገ በሁለተኛው ሳምንት ደግሞ የደብረ ሊባኖስ መነኮሳት ተረሸኑ። ጋሼ ስለ ሰልፉ ብዙ አያወሩም። "ከተሰለፉት ውስጥ የእኛ አባቶችም ነበሩ፤ እሱንም ጻፈው" አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ተመልሰን በኮሎሲየም ጎን ወደ ቆስጠንጢኖስ ቅስት መጣን። እ.ኤ.አ. በ315 የተመረቀ ነው። ቀረብ ብላችሁ ብታዩት ብዙዎቹ ቅርጾች የእሱ አይደሉም፤ ከትራያን፣ ከሐድርያንና ከማርቆስ አውሬልዮስ ሐውልቶች ተነቅለው የተለጠፉ ናቸው። ዝርፊያው ቤት ውስጥም ነበረ ማለት ነው።

ቅስቱን በስተጀርባችሁ አድርጋችሁ የቅዱስ ግሪጎሪዮስን ጎዳና ይዛችሁ ሂዱ። በጥንቱ ዘመን ድል ያደረገ የጦር አዛዥ ምርኮውን እያስነዳ ወደ ከተማዋ የሚገባበት መስመር ነው። ሙሶሊኒም "የድሎች ጎዳና" ብሎት ነበር። በእግር አሥር ደቂቃ አይሞላም። መጨረሻው ፖርታ ካፔና አደባባይ ነው።

የአክሱም ሐውልት የቆመው እዚህ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1937 ከአክሱም ተነሳ። ወድቆና ተሰብሮ የተኛ ሐውልት ነበር፤ ቁርጥራጩ በመኪና ወደ ምጽዋ፣ በመርከብ ወደ ኔፕልስ፣ ከዚያ ወደ ሮም ተጓጓዘ። ወደ 24 ሜትር የሚጠጋ፣ ከ150 ቶን በላይ የሚመዝን ድንጋይ ነው። ያቆሙትም በዘፈቀደ አይደለም፤ የአፍሪካ ቅኝ ግዛት ሚኒስቴር ሊሠራበት በታቀደው ቦታ ፊት ለፊት፣ በድል ጎዳናው ጫፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1938 ሂትለር ሮምን ሲጎበኝ በምሽት በዚህ አሳለፉት፤ መጀመሪያ የአክሱምን ሐውልት፣ ቀጥሎ በመብራት የደመቀውን ኮሎሲየም እንዲያይ። ቬስፓሲያን በነሐስ የጻፈውን ሙሶሊኒ በእኛ ድንጋይ ጻፈው።

የሚኒስቴሩ ሕንፃ ከጦርነቱ በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ ፋኦ፣ ዋና መሥሪያ ቤት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1947 የተፈረመው የሰላም ውል ደግሞ ጣሊያን ከኢትዮጵያ የዘረፈችውን በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ያዛል። ውሉ በሥራ ላይ ከዋለበት ቀን ሲቆጠር ቀነ ገደቡ በ1949 አበቃ። ሐውልቱ ግን ቆሞ ቀረ።

እዚያው እንደቆመ ነው እንግዲህ ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም. የመጣው፤ በእነሱ አቆጣጠር መስከረም 10 ቀን 1960። እኛ አገር የዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የሮም ኦሎምፒክ ማራቶን ሙቀቱን ለመሸሽ ወደ ማምሻው ተጀመረ። አትሌቶቹ ከከተማ ወጥተው በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ሲመለሱ መሽቷል፤ ወታደሮች ግራና ቀኝ ችቦ ይዘው ያበራሉ። ከፊት ሁለት ሰዎች ናቸው፣ ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላምና 11 ቁጥር የለበሰው አበበ ቢቂላ፣ በባዶ እግሩ። እንደሚተረከው አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያጠኑ የመጨረሻው ማምለጫ ምልክት እንዲሆን የመረጡት የአክሱምን ሐውልት ነው። ሐውልቱን ሲያልፉ ወደ መጨረሻው መስመር የቀረው ጥቂት ነው። አበበ በዚያ የመጨረሻ ቁራጭ መንገድ ራዲን ጥሎት ሄደ።

መጨረሻው መስመር የት ነበር መሰላችሁ? የቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር፣ ኮሎሲየም አጠገብ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16.2 ሴኮንድ፣ ያኔ በዓለም ፈጣኑ ሰዓት፣ ለጥቁር አፍሪካም የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ። አዘጋጆቹ ቅስቱን የመረጡት ለቴሌቪዥን ስለሚያምር ነው ብዬ እገምታለሁ። ግን ካርታውን ይዛችሁ እዩት። ከተዘረፈው ሐውልት ተነስቶ፣ በድል ጎዳናው፣ እስከ ድል ቅስቱ። የሮም አዛዦች ምርኮ እያስነዱ ይገቡበት የነበረውን መስመር አንድ የክብር ዘበኛ ወታደር በባዶ እግሩ ሮጠበት። መመለሻ ጊዜው ካለፈ 11 ዓመት ያስቆጠረው ድንጋይ ከኋላው ቆሞ ነበር።

በዚሁ ጎዳና ግድግዳ ላይ የድሉን 50ኛ ዓመት የሚያስታውስ ሰሌዳ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 የተደረገው የሮም ማራቶን ለአበበ መታሰቢያ ነበር፤ ያሸነፈው ሲራጅ ገና ጫማውን አውልቆ የመጨረሻዎቹን 300 ሜትር በባዶ እግሩ ጨርሷል። ከኮሎሲየም እስከዚያ ድረስ የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። እዚያ በቆየንበት ጊዜ ሰሌዳውን ሊያይ የቆመ ሐበሻ አላየሁም። ኮሎሲየም በር ላይ ግን አማርኛ የሚያወሩ ሦስት ቡድኖች አግኝቻለሁ። የእኔም የመጀመሪያ ዕቅድ የእነሱ ነበርና መውቀስ አልችልም።

ፖርታ ካፔና ላይ ጋሼ ቀስ አሉ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቻቸው ጋር ሐውልቱ ሥር ይቀመጡ ነበር። በዓል ሲሆንም እዚያ ይገናኛሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 መብረቅ ሲመታው አይተው መጥተዋል፤ በዓመቱ ዙሪያው በብረት ርብራብ ሲታጠርና ከጫፉ መነሳት ሲጀምር በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። ሚያዝያ 11 ቀን 1997 የመጀመሪያው ቁራጭ በአንቶኖቭ አውሮፕላን አክሱም ሲያርፍ ያዩት በቴሌቪዥን ነው። ሦስቱም ቁራጭ ገባ፤ በነሐሴ 2000 መጨረሻ አክሱም ላይ ተመረቀ። ቀነ ገደቡ ካለፈ በ56 ዓመቱ መሬቱን ረገጠ ማለት ነው።

"ደስ አሎት?" አልኳቸው።

"አለቀስኩ እንጂ። በደስታ ነው። በነጋታው ግን እዚህ መጣሁና ቦታው ባዶ ሆኖ ሳየው... እንዴት ልበልህ፣ ዘመድ አገሩ ገብቶ እኔ ብቻዬን የቀረሁ መሰለኝ።"

አሁን አደባባዩ ላይ ሁለት ጥንታዊ ዓምዶች ጎን ለጎን ቆመዋል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተተከሉ፣ በመስከረም 11ዱ የኒውዮርክ ጥቃት ለሞቱት መታሰቢያ ናቸው። ለእነዚያ ሟቾች መታሰቢያ መቆሙ ተገቢ ነው፤ ጥያቄዬ ስለ ቦታው ነው። ለ70 ዓመት ገደማ የአንድ አገር ቁስል የቆመበት ቦታ ላይ ሌላ ሐዘን ሲተከል፣ የመጀመሪያው እዚያ እንደነበረ የሚናገር ነገር አብሮ ጎልቶ መታየት ነበረበት።

ጋሼ ድሮ የሚቀመጡበት ቦታ የቱ ጋ እንደነበር በጣታቸው አሳዩኝ። አሁን መኪና የሚያልፍበት ጥግ ነው። ከዓምዶቹ ወደ ፋኦ ሕንፃ፣ ከሕንፃው ወደ ኮሎሲየም አቅጣጫ አየት አደረጉና ሰዓታቸውን ተመለከቱ። "ና እንሂድ፣ አውቶቡሱ እዚህ ጋ ነው የሚቆመው" አሉኝ። የተሳፈርንበት አውቶቡስ በኮሎሲየም ጎን ሲያልፍ መስኮቱ ላይ የነበሩት ቱሪስቶች በሙሉ ስልካቸውን አወጡ። ጋሼ በሌላኛው መስኮት፣ አበበ በሮጠበት በኩል፣ ወደ ውጭ ያያሉ።